ዋጋውን ነገሩን፣ ደሞዙስ? ኢትዮጵያንና ኬንያን ላነጻጸረው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ኢትዮጵያንና ኬንያን የሚያነጻጽር አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደጋግሞ ደርሶኛል፤ አብዛኛው ላኪ ከሥሩ «አየህ አይደል!» የምትል ነገር ጨምሮበታል። ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ስድብ የለበትም፣ ቁጥር አለው፣ አንብበው ሲጨርሱትም ደረት ያስነፋል። ችግሩ ድምዳሜው ትክክል አለመሆኑ ነው።

ያላሉትን አስባልክ እንዳልባል መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ላስቀምጥ። ባጭሩ እንዲህ ነው። ኢኮኖሚያችን ኬንያን በልጧል። የድሆቻችን ቁጥር በመቶኛ ከእነሱ ያንሳል። ዕድሜያችን ከእነሱ ይረዝማል። መብራቱም፣ ምግቡም፣ ቤት ኪራዩም እዚህ ርካሽ ነው፣ እዚያ እሳት ነው። ኬንያዊ በግብር ተማሯል፤ በ2024 ፓርላማ ጥሶ የገባውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ሰላም ናት፣ ናይሮቢ የሌባ ከተማ ናት፣ ኪቤራን የመሰለ የድሆች ሰፈርም እኛ ጋ የለም። እዚያ የሚሄደው ኢትዮጵያዊም ለመሻገሪያ ነው እንጂ ለመኖር አይደለም። ስለዚህ፣ ይላሉ ጸሐፊው፣ ተራው ኢትዮጵያዊ ከተራው ኬንያዊ የተሻለ ይኖራል።

ከእነዚህ ውስጥ እውነት የሆኑ አሉ፤ እየደረስኩባቸው እላለሁ። ግን ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ዋጋ ሲቆጥር ደሞዝ የሚባል ነገር አንድም ቦታ አላነሳም። የአንድን ሰው ኑሮ ለማወቅ ደግሞ ሁለቱንም ማየት ግድ ነው። ለማስተያየት እንዲመች ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ኢኮኖሚያችን ኬንያን በልጧል»

አንድ ሰሞን እውነት ነበር። ከ2024 በፊት በዓለም የገንዘብ ድርጅት ቁጥሮች ላይ የኢትዮጵያ ጠቅላላ ምርት ከኬንያ በልጦ ታይቷል፤ ዜናውም በደንብ ተራግቧል። ያኔ ግን አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቁር ገበያ ደግሞ ከመቶ ብር በላይ። ማለትም ኢኮኖሚያችን የተለካው ማንም ዶላር በማያገኝበት ዋጋ ነው። በሐምሌ 2024 መጨረሻ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ብር በጥቂት ወራት ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጣ፣ በዶላር የተለካው ትልቅነትም አብሮ ወረደ። ያው ድርጅት በሚያዝያ 2025 ባወጣው ትንበያ ኬንያን 132 ቢሊዮን ዶላር፣ ኢትዮጵያን 117 ቢሊዮን ዶላር ላይ አስቀምጧል።

ለነገሩ ብንበልጥስ? እኛ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነን፣ እነሱ 55 ሚሊዮን ገደማ። ድስቱ እኩል ቢሆን እንኳ ማዕዱን የከበበው ሰው ከእጥፍ በላይ ነው። ስለ ኑሮ በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ ጠቅላላ ምርት ምን እንደሚሠራ አልገባኝም።

«ድሃችን ያንሳል»

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የተሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ጸሐፊው በ2015/16 የተደረጉትን የሁለቱን አገሮች የቤተሰብ ፍጆታ ጥናቶች ጠቅሰው በኢትዮጵያ ከድህነት ወለል በታች ያለው 23.5 በመቶ፣ በኬንያ 36.1 በመቶ ነው ይላሉ። ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፣ አልተፈበረኩም። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጡ ነው ስህተቱ።

ለምን? እያንዳንዱ አገር የድህነት ወለሉን የሚያወጣው ለራሱ ነው። የእኛ በዚያ ዓመት ለአንድ አዋቂ ሰው 7,184 ብር ነበር። በዓመት ነው፣ በወር አይደለም። ሲካፈል በወር 600 ብር እንኳ አይሞላም፤ በጊዜው ምንዛሪ 28 ዶላር ያህል። የኬንያው ደግሞ ለገጠር በወር 3,252 ሺሊንግ፣ ለከተማ 5,995 ሺሊንግ ነበር። በዶላር ሲመታ ገጠሩ 32፣ ከተማው 59 አካባቢ ይመጣል።

እስቲ አንድ ሰው እናስብ። በወር 40 ዶላር የሚሆን ፍጆታ አለው። በእኛ ወለል ሲለካ ድሃ አይደለም፤ ከ23.5 በመቶው ውስጥ የለበትም። ያው ሰው ናይሮቢ ሄዶ ያንኑ 40 ዶላር ቢያወጣ የኬንያ ስታቲስቲክስ ቢሮ ድሃ ብሎ ይመዘግበዋል። ሰውየው አልተለወጠም፣ የተለወጠው የመለኪያው ከፍታ ነው። ናይሮቢ ውድ ስለሆነ ነው ከተባለ አዎ፣ የልዩነቱን ከፊል ያስረዳል፤ ሁሉንም ግን አያስረዳም፣ የኬንያ የገጠር ወለል እንኳ ከእኛ አገር አቀፍ ወለል ከፍ ይላልና። ዝቅ ያለ አጥር አስቀምጦ ብዙ ሰው ዘለለ ማለት የዝላይ ውድድር አይሆንም።

በዚያ ላይ ቁጥሩ ያረጀ ነው። ከ2016 ወዲህ እዚህ አገር ያልሆነ ነገር ምን አለ? ኮቪድ፣ የሁለት ዓመቱ የሰሜን ጦርነት፣ የቦረናና የሶማሌ ድርቅ፣ በ2022 ከ30 በመቶ በላይ የደረሰ የዋጋ ንረት። በዚያው በ2022 ኬንያ ውስጥ ዓለም አለቀች የተባለበት የዋጋ ንረት በዓመት አማካይ 8 በመቶ አልሞላም። ከጦርነት በፊት የተነሳን ፎቶ ይዞ ዛሬ እንዲህ ነን ማለት አያስኬድም።

«ዕድሜያችን ይረዝማል»

ትክክል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፣ ብዙ ሰውም አያውቀውም። በተባበሩት መንግሥታት ግምት በኢትዮጵያ ሲወለዱ የሚጠበቀው ዕድሜ ከኬንያ ከሦስት ዓመት በላይ ይበልጣል። ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያመጡት ለውጥ የሚናቅ አይደለም። ደብተራቸውን ይዘው ቤት ለቤት የሚዞሩት እነዚያ ሴቶች ሐውልት ቢቆምላቸው አይበዛባቸውም፣ ደሞዛቸው ግን... እሱን ተዉት።

ግን ምክንያቱን ሙሉውን እንናገር። ኬንያን ወደ ኋላ የጎተታት አንዱ ትልቅ ነገር ኤች አይ ቪ ነው። በ1990ዎቹ ሥርጭቱ በአዋቂዎች ዘንድ ወደ 10 በመቶ ደርሶ ነበር፤ ዛሬም ከእኛ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ የእኛ ከ1 በመቶ በታች ነውና። አንድ ወረርሽኝ የአንድን ትውልድ አማካይ ዕድሜ ሊያወርድ ይችላል፤ ያ ማለት ግን የተቀረው ኑሮ ሁሉ ከእኛ ያንሳል ማለት አይደለም።

የዕለት ኑሮን ማየት ከተፈለገ ሕፃናቱን ማየት ይሻላል። በ2019 በተደረገው የእኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት ያላገኙ፣ የቀነጨሩ ናቸው። በኬንያ በ2022 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት 18 በመቶ ነው። ግማሽ! አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱትም እኛ ጋ ከሺህ 59፣ እነሱ ጋ ከሺህ 41። የጥናቶቹ ዓመት በሦስት ይለያያል፣ እሱን አልደብቅም። ግን መቀንጨር ማለት አንድ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት በቂና የተመጣጠነ ምግብ አላገኘም፣ ደጋግሞ ታመመ ማለት ነው። «ምግብ እኛ ጋ ርካሽ ነው» የሚለው ጽሑፍ ይህን ቁጥር ሳያነሳ ማለፉ ገርሞኛል። ርካሹን ምግብ ማን በላው ታዲያ?

«መብራቱም ምግቡም ርካሽ ነው»

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው።

ከመብራት ልጀምር። አዎ፣ የኬንያ መብራት ውድ ነው፣ በጣም። ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር የሚኖር አንድ የማውቀው ሰው ማታ መብራቱ ሲጠፋ ሲያማርር የምሰማው «ቶከን አለቀ» እያለ ነው። በኤምፔሳ 100 ሺሊንግ ይልካል፣ ሃያ አሃዝ ያለው ቁጥር በመልእክት ይመጣለታል፣ ቁጥሩን ቆጣሪው ላይ ይጫናል፣ መብራቱ ይመለሳል። ያቺ 100 ሺሊንግ አምስት ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብትሰጠው ነው። የእንጀራ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ እና በዚያ ሂሳብ ሁለት ሰዓት ሳይጋገር ቶከኑ ይበላል። እዚህ አገር ምጣድ ሲሰካ ስለ ሂሳቡ የሚጨነቅ ብዙም የለም። ህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት ነው፤ የኬንያ ጣቢያዎች ሁሉ ቢደመሩ ይህን አያህሉም። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮም በወላይታ ሶዶ–ሱስዋ መስመር 200 ሜጋዋት ከእኛ ይገዛሉ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፤ ብንኮራበትም ሲያንሰን ነው።

አሁን ደግሞ ሌላኛው ጎን። ኬንያ ውስጥ ከአራት ሰው ሦስቱ መብራት አለው። እኛ ጋ ግማሹን አለፍ ያለ ነው። ቀሪው ኩራዝ፣ ፋኖስ፣ ቢበዛ ትንሽ የፀሐይ ፓኔል። መብራት ያልገባለት ቤት የመብራት ወጪው ዜሮ ነው፤ ከዚህ በላይ ርካሽ የለም! ጸሐፊው የታሪፍ ሰንጠረዥ ሲያወዳድሩ የእኛን ሰንጠረዥ ለማየት ቆጣሪ የሌለውን ሰው ረሱት። ታሪፉም ቢሆን ከመስከረም 2024 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ተወስኖ እየጨመረ ነው።

ወደ ደሞዙ እንምጣ። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሰዎችን ማወዳደር ከሁሉም ይሻላል፤ ለዚህ ደግሞ የተዘጋጀ ነገር አለ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት ያለ አንድ ማዕከል በ2019 ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጥናት አውጥቶ ነበር። በወቅቱ የአንዲት ኢትዮጵያዊት የልብስ ስፌት ሠራተኛ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ ጥናቱ ካነጻጸራቸው አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። የኬንያዋ 207 ዶላር። ሁለቱም የሚሰፉት ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ ነው። ማሽኑ ያው፣ ሸሚዙ ያው፣ ደሞዙ ስምንት እጥፍ። ናይሮቢ ሁለት እጥፍ ውድ ናት እንበል፣ ሦስት እጥፍም እንበል፤ ስምንት እጥፍ ውድ ናት የሚል ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። (ከጥር 2022 ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ አጎዋ ከሚባለው፣ ሸቀጥን አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከማስገባት ዕድል ወጥታለች፣ ኬንያ አልወጣችም፤ ስለዚህ ያቺው 26 ዶላርም የብዙዎች እጅ ላይ አልቆየችም።)

ይሄ የተለየ ፋብሪካ ነው የሚል ካለ ወደ ሕጉ እንሂድ። ኬንያ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል አላት። በ2024 መጨረሻ ከተጨመረው 6 በመቶ በኋላ ናይሮቢ ውስጥ ለተራ የጉልበት ሠራተኛ በወር 16,113 ሺሊንግ ነው፤ 125 ዶላር ያህል። ሁሉም ቀጣሪ ይከፍላል? አይከፍልም። ኬንያ ውስጥ አብዛኛው ሰው የሚሠራው «ጁዋ ካሊ» በሚሉት መደበኛ ባልሆነው ዘርፍ ነው፤ እዚያ ሕጉ እምብዛም አይደርስም። ቢሆንም ወለሉ አለ፣ ሠራተኛው ክስ ሲመሠርት የሚጠቅሰው ቁጥር አለ። እኛ ጋ በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የደሞዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ግን እስካሁን የተቆረጠ የደሞዝ ወለል የለም። የመንግሥት ሠራተኛ ትንሹ ደሞዝ በ2025ቱ ጭማሪ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ወደ 40 ዶላር ነው። በዲግሪ ለሚቀጠር መነሻው 11,500 ብር። ማለትም አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማረው የእኛ ልጅ ሲጀምር የሚያገኘው፣ በዶላር ሲመታ ናይሮቢ ሲሚንቶ ለሚሸከም ሰው በሕግ ከተቀመጠው ወለል ያንሳል።

ዶላር ምን አገባን፣ የምንበላው በብር ነው ካላችሁም እሺ፣ በእህል እንቁጠረው። ጤፍ በኩንታል ከ10,000 ብር ካለፈ ሰንብቷል። 6,000 ብር ሙሉውን ቢውል፣ ኪራይ ሳይከፈል፣ ታክሲ ሳይያዝ፣ አንድ ኩንታል አይገዛም። ኬንያ ላይ የበቆሎ ዱቄት በ2023 ሰው አገር ይያዝልኝ ሲል የነበረው ሁለት ኪሎው ከ200 ሺሊንግ በላይ ሲገባ ነው። በዚያ በመጥፎው ዋጋ እንኳ ብናሰላው የናይሮቢው 16,113 ሺሊንግ ኩንታል ተኩል ያህል ዱቄት ይገዛል፤ ዋጋው ደግሞ ከዚያ ወዲህ ወርዷል። ጤፍና በቆሎ አንድ አይደሉም፣ አውቃለሁ። የእኛም ሰው በቆሎ ይበላል፣ ገንፎም ይሠራል። ግን ኬንያዊው የዘወትር ምግቡን ነው የገዛው፣ እኛም የዘወትር ምግባችንን ነው ያጣነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኛ የዋጋ ንረት በ2024 መጨረሻ 16 እና 17 በመቶ ሲሆን «ቀነሰ» ተብሎ ተጨበጨበ፣ ቀንሶም ነበር። የኬንያው በዚያው ሰሞን 3 በመቶ አካባቢ ነበር። እነሱ ጋ ደሞዝ ሳይጨመርለት አንድ ዓመት የቆየ ሰው ትንሽ ይጎዳል። እኛ ጋ ከዓመት ደሞዙ የሁለት ወር ያህሉን እንደተነጠቀ ይቁጠረው።

«ኬንያዊ በግብር ተማሯል»

ተማሯል፣ ልክ ነው። የጤና መድን 2.75 በመቶ፣ የቤት ግንባታ 1.5 በመቶ፣ ጡረታው፣ ነዳጁ ላይ የተደራረበው ቀረጥ፤ ደሞዝተኛው ሲያየው ያዞረዋል። ጸሐፊው እዚህ ጋ ቢያቆሙ አልከራከርም ነበር። «እኛ ግን» ብለው ሲቀጥሉ ነው ያስገረሙኝ።

እኛ ግን ምን? በ2025 ተሻሽሎ እንኳ የእኛ ደሞዝ ከ2,000 ብር በላይ ያለው ግብር ይከፈልበታል። በዶላር 14 አካባቢ ነው። ኬንያ ውስጥ እስከ 24,000 ሺሊንግ፣ ማለትም እስከ 185 ዶላር ገደማ፣ የገቢ ግብር የለም። የናይሮቢው የጉልበት ሠራተኛ የገቢ ግብር አይከፍልም፤ የእኛ ጽዳት ሠራተኛ ከ6,000 ብሯ ትከፍላለች። ከፍተኛው 35 በመቶ የሚጀምረውስ? እኛ ጋ ከ14,000 ብር በላይ ሲሆን። እነሱ ጋ ከ800,000 ሺሊንግ በላይ ሲሆን! አድልቷል እንዳልባል፣ የኬንያው 30 በመቶ ከ32,000 ሺሊንግ ትንሽ አለፍ ብሎ ስለሚጀምር መካከለኛው ደሞዝተኛ እዚያም አይተርፍም። ድሃውን በተመለከተ ግን ጨዋታው አንድ አይደለም። ተጨማሪ እሴት ታክሱ እኛ 15፣ እነሱ 16 በመቶ፤ ያው በሉት።

አመጹን የድህነት ማስረጃ ማድረጋቸው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሰኔ 2024 የኬንያ ወጣቶች የተነሱት የግብር ሕግ ረቂቁ ዳቦ ላይ ሳይቀር ታክስ ጭኖ ስለመጣ ነው። ፓርላማ ተጣሰ፣ ፖሊስ ተኮሰ፣ በየከተማው በርካታ ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላም ወጣቶች ከየመንገዱ ታፍነው የተወሰዱበት ጊዜ ነበር፤ የሚያስቀና ነገር የለውም። ግን በማግስቱ ፕሬዚዳንት ሩቶ አልፈርምም ብለው ረቂቁን መለሱት። ማለትም ሰው ታክሱ ሲበዛበት ታክሱን ያስመለሰበት አገር ነው። በደልን ተናግሮ መልስ ማግኘት ከኑሮ ደረጃ ውስጥ አይቆጠርም እንዴ? ዝም ያለ ሕዝብ ሁሉ የተመቸው ነው ካልን የምናወዳድረው ኑሮን አይደለም፣ ድምፅን ነው።

«አዲስ አበባ ሰላም ናት፣ ኪቤራም የለንም»

ናይሮቢ ሌባ አለ። ራሳቸው ኬንያውያን ከተማቸውን «ናይሮበሪ» እያሉ ይቀልዱባታል። መኪና ውስጥ መስኮት ከፍተህ ስልክ ብታወራ ሾፌሩ ራሱ «ዝጋው» ይልሃል። አዲስ አበባ ውስጥ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በእግር ወደ ቤት መሄድ ከናይሮቢ ይሻላል፣ በዚህ አንጣላም። ምንም እንኳ እዚህም የስልክ መንታፊው በሞተር እየመጣ ቢሆንም።

የተነሳው ጥያቄ ግን ስለ ኢትዮጵያ ነበር፣ ስለ አዲስ አበባ አልነበረም። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና ሂድ ብትባል ትሄዳለህ? ወለጋስ? በሐምሌ 2024 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ የነበሩ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል፤ ቁጥራቸው ከመቶ በላይ ነበር። ዛሬ አቅም ያለው ሰው ለቀብር ሳይቀር በአውሮፕላን ይሄዳል፣ አቅም የሌለው ደግሞ እናቱ ታመው እያለ ስልክ ይደውላል። ናይሮቢ ግን ማታ አውቶቡስ ተሳፍሮ ጠዋት ኪሱሙ ወይም ሞምባሳ መውረድ ተራ ነገር ነው፤ ሰው የሚፈራው የመኪና አደጋ ነው። ኬንያም የራሷ አላት። በ2013 ዌስትጌት፣ በ2015 ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰው ያለቀበት ጥቃት፣ እስካሁንም በሶማሊያ ድንበር በኩል ያለው ስጋት፣ በሰሜን ያለው የከብት ዘረፋ። ቢሆንም ካለፉት አምስት ዓመታት ጋር አስተያይቶ ሰላሙ እኛ ጋ ነው ማለት ያስተዛዝባል። የሰሜኑን ጦርነት ሳያነሱ ስለ ሰላም ገጽ ሙሉ መጻፍም እንዲሁ።

ኪቤራን በተመለከተ፣ እንደ ኪቤራ የተለየ፣ ከአውሮፕላን የሚታይ አንድ ትልቅ የቆርቆሮ ሰፈር የለንም፣ እውነት ነው። ግን አዲስ አበባ ድሃዋን ሰብስባ አንድ ቦታ አላስቀመጠችም፤ ከፎቁ ጀርባ፣ ከሆቴሉ ጎን፣ በየቀበሌ ቤቱ ደባልቃ ነው የኖረችው። ለስድስት ለሰባት ቤት አንድ መጸዳጃ፣ በፈረቃ የሚመጣ ውሃ፣ ጭቃ ግድግዳ። ይሄን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። በ2024 ፒያሳና ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ደግሞ ሰዉ ወደ ዳር ተወሰደ። መንገዱ አምሯል፣ አልክድም። የፈረሰበት ሰው ግን ከሥራው፣ ከዕድሩና ከደንበኛው ጋር ተራርቋል።

አንድ ለጸሐፊው የሚሆን ነጥብ ልጨምር፣ እሳቸው አላነሱትምና። ኮንዶሚኒየም ላይ እንበልጣለን። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መንግሥት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ቤት ሠርቶ በዕጣ ሰጥቷል። ኬንያ አሁን በዚያች 1.5 በመቶ መዋጮ ልትጀምረው እየሞከረች ያለው ነገር ነው። ዕጣው ሳይወጣላቸው ስንት ዓመት የሚቆጥቡትን ሰዎች ሳንረሳ።

«የሚሄደው ለመሻገሪያ ነው»

በሞያሌ በኩል የሚገባው ወጣት፣ በተለይ ከሆሳዕና አካባቢ የሚነሳው፣ አብዛኛው ደቡብ አፍሪካ ነው የሚያስበው። ልክ ናቸው። መንገድ ላይ ተይዞ የኬንያ እስር ቤት የሚከርመውም ብዙ ነው። ግን ይሄ ለማን ነው ማስረጃ የሚሆነው? ልጁ ኬንያን አልፎ ሄደ ማለት መጀመሪያ ከቤቱ ተነስቷል ማለት ነው። ኬንያውያን ወጣቶችም ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ፤ ኬንያ ሥራ ሞልቷል የሚል የለም። ሰሜን አቅጣጫ ይዞ፣ በሞያሌ አቋርጦ፣ የጉልበት ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ የሚገባ ኬንያዊ ግን አይቼ አላውቅም።

ሞያሌ ላይ ነገሩ ሁሉ በአንድ ቦታ ይታያል። ከተማዋ ለሁለት ተከፍላለች፣ ግማሿ እኛ ጋ፣ ግማሿ እነሱ ጋ። የኬንያዋ ሞያሌ መብራት ለዓመታት የመጣላት ከእኛ ነው፤ ከናይሮቢ ሳይሆን ከኢትዮጵያ መስመር። መብራት በመስጠት በኩል እኛ እንበልጣለን። ሺሊንጉ ግን በእኛ በኩልም ይሠራል፣ ነጋዴው ይቀበለዋል፣ ይፈልገዋልም። ብሩን ግን ሰዉ እጁ ላይ ማቆየት አይፈልግም።

ጸሐፊው ቀጣዩ ጽሑፋቸው ከታንዛኒያ ጋር እንደሚሆን ቃል ገብተዋል። እጠብቃለሁ፣ ከልቤ ነው፣ አጻጻፋቸውን ወድጄዋለሁ። ከጤፉና ከኪራዩ ዋጋ ጎን ያ ዋጋ የሚከፈልበትን የወር ደሞዝ ቢያስገቡልን ግን ይህን ያህል ባልተጨቃጨቅን ነበር።